ብርድ ያዳነው ላፕቶፕ

እኔ አንድ ሊሞት ያጣጣረ ላፕቶፕ ብርድ አስመትቼ አድኛለሁ። እንደማታምኑኝ አውቃለሁ፤ ሚስቴም እስከ ዛሬ አላመነችኝም። መንዝ ውስጥ ብርድ ሲገድል እንጂ ሲያድን ማን አይቶ ያውቃል?

መሐል ሜዳ ላይ ስልክ ጠጋኝ ነኝ። ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ሬዲዮ ፈትቼ፣ መግጠም አቅቶኝ፣ እንደገና ፈትቼ ነው የተማርኩት። በኮምፒውተርማ በዚህ አገር እኔን የሚያህል አይገኝም። ሌላ ጠጋኝ ስለሌለም ሊሆን ይችላል።

አንድ ቀን ከቀየት ከተማ ወዲያ ካለ ደብር፣ ዜማ የሚያስተምሩት የኔታ ላኩብኝ። ጉሮሯቸውን ታመው ድምፃቸው ከተዘጋ ቆይቷል፤ የቀረቻቸው ሹክሹክታ ብቻ ናት። ደግነቱ፣ ሳይታመሙ በፊት አንድ የድሮ ተማሪያቸው ከከተማ መጥቶ፣ ዜማውን በላፕቶፕ ቀድቶ፣ ላፕቶፑንም እዚያው ትቶላቸው ሄዷል። ደቀ መዛሙርቱ አሁን የሚማሩት ከሱ ነው። ላፕቶፑ ያዜማል፣ የኔታ በጣታቸው ያርማሉ።

«ልጄ፣ ቁልፉን ተጭነን ኪዳን አድርሰን ስንመለስ መስኮቱ ላይ ያለችው ክብ ገና ትሽከረከራለች» አሉኝ ቤታቸው ስደርስ፣ በዚያች ሹክሹክታ። «ሰሞኑን ጭራሽ ድርግም እያለ ይጠፋል። ተማሪዎቹ ሌላ ደብር ሊሄዱ ጓዛቸውን ሸክፈዋል።»

«አይስጉ የኔታ! ሽማግሌ አህያ ላይ ድንጋይ ጭነውበት ነው። ሊኑክስ የሚባል ቀላል ሲስተም አለ፤ እሱን ስጭንበት እንደ ጠቦት ይዘላል።»

«ድምፄስ?»

«ከሁሉ በፊት ድምፅዎን በፍላሽ አወጣዋለሁ።»

የውስጡን ሳልነካ ሊኑክሱን ከፍላሽ ላይ አስነሣሁት። ወዲያው ተከፈተ! ደረቴን ነፋሁ። ዜማውን ወደ ሌላ ፍላሽ መገልበጥ ስጀምር ግን ድርግም። ደግሜ አስነሣሁት፤ ከበፊቱ ቀድሞ ድርግም።

«አንተ ሰው፣ ስትገባ ብዙ አወራህ እኮ!» አሉኝ የየኔታ ባለቤት። ላፕቶፑን ከእጄ ተቀብለው በበግ ጠጉር ባና ጠቀለሉት። «በርዶት ነው። እኔ ሁልጊዜ አለብሰዋለሁ፤ ሲሠራም ባናው ላይ ነው የማስቀምጠው።»

እኔም እውነታቸውን ነው አልኩ። የመንዝ ሰው እንግዳም ይምጣ፣ ግልገልም ይወለድ፣ ባና ያለብሳል። ከባናው አውጥቼ ጭኔ ላይ፣ ጋቢዬ ላይ አድርጌ ቀጠልኩ። ጭራሽ አልነሣም አለ።

ላብ አጠመቀኝ። ቀና ስል ተማሪዎቹ አኩፋዳቸውን አንግተው በር ላይ ቆመዋል። ድምፃቸውን በሽታ ጀመረው፣ እኔ ጨረስኩት አልኩ በሆዴ። የኔታ ክንዴን ያዙኝ።

«ተወው ልጄ። እኔም ዝም ብዬ የለ? እሱም ዝም ይበል።»

ይሄን ከምሰማ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ልነሣ ላፕቶፑን ከታች ብይዘው እንደ ጋለ ማረሻ ፈጀኝ፤ ለካ በርዶት ሳይሆን ግሎ ነው የሚጠፋው! ገልብጬ ፈታሁት። የውስጡ ማራገቢያ የባና ጠጉር ጠቅጥቆ በልቷል፤ አንድ ቆብ ይወጣዋል! ከባለቤታቸው አንገት ወረንጦ ተቀብዬ ነቀልኩት፤ ማራገቢያው ግን ተቃጥሏል፣ አይዞርም። መለወጫ የሚገኘው ደብረ ብርሃን ነው፣ ተማሪዎቹ የሚሄዱት ግን አሁን ነው።

የመብራት ገመድ አስረዝሜ ላፕቶፑን ደጅ አወጣሁት፤ ነፋሱ የሚገርፈው ድንጋይ ላይ ራቁቱን አስቀመጥኩት።

«ኧረ በጊዮርጊስ! በሽተኛ ብርድ ላይ ይጣላል?» ጮኹ ባለቤታቸው።

«ይምታው እማማ!»

ተነሣ። መገልበጥ ጀመረ። የኔታ ተንበርክከው የመገልበጫዋ መስመር ስትሞላ ያያሉ፤ እኔ ጥርሴ እየተፋጨ ሁሉንም ጻድቃን እጠራለሁ። ግማሽ ላይ ቆም ስትል እኔም ትንፋሼን ዋጥኩ። ደግሞ ቀጠለች። ሞላች!

ሊኑክሱንም እዚያው ብርድ ላይ ጫንኩት። አሁን አቡነ ዘበሰማያት ሳይጋመስ ይከፈታል። የመጀመሪያውን ዜማ ስከፍት ያ የጥንቱ ድምፅ ከድንጋዩ ላይ ተነሣ፤ የኔታ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ከተማሪዎቹ አንዱ አኩፋዳውን መሬት አስቀመጠና ተቀበለ። ከዚያ ሁለተኛው። ማራገቢያው እስኪመጣ ድረስ ትምህርቱ ደጅ፣ ነፋስ ላይ ነበር።

አላምንም ያለ ተነሥቶ ቀየት ይሂድ፣ ተማሪዎቹን ይጠይቅ። አንድም አልሄደም፤ ሁሉም እዚያው ናቸው።