ለከባድ ሰው የተሰፋ ሸራ

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጠቅልሎ ቢቀመጥ ምን ያህል ቦታ ይይዛል? ፍልስፍና ባስተማርሁበት ሠላሳ አንድ ዓመት ይህችን ጥያቄ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እየጻፍሁ ስንቱን ተማሪ አስጨንቄአለሁ። መልሷ የተገኘው ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው፤ ያውም ከአልጋዬ ሥር። ሁለት ሜትር ሸራ፣ ሁለት ገመድ፣ በአንደኛው ጠርዝ ላይ ስድስት የናስ ቀለበት። የሚስቴ ታናሽ ወንድም፣ ሸራ ሰፊው፣ ሲሞት የተወው ይህንን ነው።

እንጀራው የጭነት መኪና ሸራ መስፋት ነበር። ሱቁ ሃይቁ ዳር ካለው የጀልባ ማቆሚያ አጠገብ ያለች ክፍል ስትሆን፣ ከመጥበቧ የተነሣ ደንበኛ ሲገባ እሱ ይወጣል። ክብደቱ አርባ ስምንት ኪሎ ነው። ሰም የተቀባ ክር ከአፉ ስለማይጠፋ ጥርሱን ነክሶ ያወራል፤ ስለዚህ ቀልዱም ቁጣ ይመስላል።

በወጣትነቱ ከአንድ ጓደኛው ጋር ዓሣ ያጠምድ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሣና ጓደኛው ከጀልባ ወደቀ። ዋና ያውቃል፤ ዋኝቶ መጥቶ የጀልባዋን ጠርዝ ያዘ። ሸራ ሰፊው እጁን ይዞ ጎተተ። የጓደኛው ልብስ ውሃ ጠጥቶ ከብዷል። ሲጎትት ጀልባዋ ታዘነብላለች፣ ሲተው ትቃናለች። ሌላ ጀልባ ሲደርስ ጓደኛው ሞቷል፤ እሱ ግን እጁን አልለቀቀም ነበር።

“ሰው የሚሞተው መሃል ሃይቅ ላይ እንዳይመስልህ፣ ጋሼ” ይለኝ ነበር። “እዚሁ ጀልባው ጥግ ነው። ይዘኸው ነው የሚሞትብህ።”

ሸራውን ያሰበው ለዚህ ነው። አንዱን ጠርዝ ከጀልባዋ ጎን ታስራለህ፤ ሌላውን እንደ ሕፃን ማዘያ ውሃው ውስጥ ታወርዳለህ። የወደቀው ሰው እዚያ ውስጥ በጎኑ ይጋደማል። ሁለቱን ገመዶች ስትስብ እንደ በርሜል እየተንከባለለ ይገባልሃል። ጉልበት አይጠይቅም ይላል።

መጀመሪያ የሞከረው በራሱ ነው። ውሃ ውስጥ ገባና እኅቱን፣ ማለትም ሚስቴን፣ “ሳቢ” አላት። በአንድ እጇ ስልክ እያወራች በሌላው አወጣችው።

“አንተን ድመትም ታወጣሃለች” አለችው።

“እሱማ ልክ ነሽ። ከባድ ሰው ነው የሚያስፈልገኝ” አለ። ይህን ሲል ዓይኑ ሆዴ ላይ ነው። እኔ ዘጠና አራት ኪሎ ነኝ።

የባለጀልባዎች ማኅበር ዐሥራ አራት ጀልባ አለው። ማኅበሩ ካመነበት በየጀልባው አንድ ሸራ ይታሰራል፤ ካላመነ ቀረ። ሁለት ዓመት ደጅ ጠንቶ አንድ ረፋድ ሰጡት። መግቢያ ንግግር የማደርገው እኔ ነበርሁ። ስለ መውደቅ ምንነት ስድስት ገጽ አዘጋጅቻለሁ፤ ሁለተኛው ገጽ ላይ ሰብሳቢው ሰዓቱን አየ።

ሸራ ሰፊው እንዳይሰምጥ የተነፋ የመኪና ጎማ ከመነዳሪ የታሰረበት ትልቅ የአሸዋ ከረጢት ውሃው ላይ ጣለና ብቻውን በሸራው ስቦ መቆሚያው ላይ ወደታሰረች ጀልባ አወጣው። ጥሩ ወጣ።

“አሸዋ አይንቀጠቀጥም” አለ ሰብሳቢው። “አሸዋ ፈርቶ አንገትህን አያንቅም። ሰው አሳየን እንጂ፣ አንተ ሸራ።”

አንዱ ስልኩን ኪሱ ውስጥ መፈለግ ጀመረ። ሌላው ሰማዩን አየ። ሸራ ሰፊው ወደ እኔ ዞረ።

“ጋሼ?”

“ጉንፋን ይዞኛል” አልሁ። ስለ ሰው ልጅ ነጻ ፈቃድ ሠላሳ አንድ ዓመት ያስተማርሁ ሰው ነኝ።

ይህን እያልሁ ወደ ኋላ ሸሸት አልሁ። መቆሚያው እዚያ ላይ እንደሚያልቅ አላስተዋልሁም። ከነስድስት ገጼ ገባሁ።

ሸራ ሰፊው ወዲያው ጀልባዋ ላይ ዘሎ ሸራውን አወረደልኝ። “ተጋደም! ጎንህን ስጠኝ!” ይላል። እኔ እንኳን ጎኔን ስሜንም አላስታውስ። ሰብሳቢውና ሌላ አንድ ባለጀልባ እሱን ገፍተው አንዱ ኮሌታዬን፣ አንዱ ቀበቶዬን ይዘው ጎተቱ። ጀልባዋ አዘነበለችና ሁለቱም እኔው ዘንድ መጡ። ሦስታችንም ተያይዘን ስንንፈራገጥ ሰብሳቢው ድንገት ቆመ። ውሃው ደረቱ ላይ ነበር። እኔም ቆምሁ። ዘጠና አራት ኪሎው በገዛ እግሩ ወጣ።

ቃለ ጉባኤው “ፈቃደኛ ሰው ባለመገኘቱ ሙከራው ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላልፏል” ይላል። በሚቀጥለውም ሆነ ከዚያ ወዲህ በተደረገው ስብሰባ አልተነሣም። እሱ ከሞተ አራት ዓመቱ ነው፤ ዐሥራ አራቱም ጀልባዎች ዛሬም ያለ ሸራ ይወጣሉ።

ያን ዕለት ግን ገና ማንም አልሄደም ነበር። ሰዎቹ እየሳቁ ልብሳቸውን ይጨምቃሉ። እኔ ዳር ላይ ተቀምጬ እንጠባጠባለሁ። ሸራ ሰፊው ገመዶቹን እንደያዘ መጥቶ አጠገቤ ቁጢጥ አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ አፉ ውስጥ ክር አልነበረም።

“ጋሼ” አለኝ ቀስ ብሎ፣ “መቼም አንዴ ረጥበሃል። ሰዎቹም እዚሁ ናቸው። አንዲት ጊዜ ብቻ ተመልሰህ ግባልኝ፤ ጥልቁ ጋ።”

ጫማዬን አውልቄ ውሃውን አፈሰስሁ። መልሼ አጠለቅሁትና ወደ ቤቴ ሄድሁ።