በዋይፋይ ብቻ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት ከፋሲካ በኋላ፣ ጋምቤላ ላይ ነው። እስካሁን ለባለቤቴ እንኳ አልነገርኩትም። ፊት ለፊት ለሰው ያላወራሁትን እዚህ መጻፌ ለራሴም ይገርመኛል፤ ግን አንድ ቦታ ካልተነፈስኩት አይወጣልኝም።

በመጀመሪያ ጠባዬን ልናገር። የኢንተርኔት ጥቅል በገንዘቤ መግዛት ለእኔ ሞት ነው። ቤተሰቤ «ወይዘሮ ዋይፋይ» ይሉኛል። ሰው ቤት ስገባ ሰላምታውን ሳልጨርስ የይለፍ ቃል እጠይቃለሁ፤ ሆቴል ገብቼ ሻይ የማዝዘውም ሻይ አምሮኝ አይደለም። ስልኬ ፎቶና ቪዲዮዎቼን በኢንተርኔት እየላከ እንዲያስቀምጥልኝ አድርጌዋለሁ፤ ያውም ጥቅሌን እንዳይበላብኝ «በዋይፋይ ብቻ» የሚለውን መርጬ። ይህችን ብልጠቴን ለስንቱ አስተምሬአለሁ።

ጋምቤላ የሄድኩት እዚያ ነርስ የሆነችው ታናሽ እህቴ ወልዳ፣ አራስ ልጠይቅ ነው። የመጀመሪያ ልጇ ነው፤ እኔም አክስት ስሆን የመጀመሪያዬ። ሲያዛጋ ቪዲዮ፣ ሲያስነጥስ ቪዲዮ፣ ሲታጠብ ቪዲዮ። እሷ ቤት ዋይፋይ ስለሌለ ሁሉም ስልኬ ውስጥ ተጠራቅሞ ቀረ።

የምመለስበት ቀን የእህቴ ባል አውሮፕላን ማረፊያ አድርሶኝ ወደ ሥራው ሄደ። በሩ ገና አልተከፈተም። መንገደኛውም ሸኚውም ውጭ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ይጠብቃል። ሙቀቱ አይጣል ነው። እኔ ግን ገና ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ ጥበቃውን «እዚህ ዋይፋይ የለም?» አልኩት። ሳቀብኝ።

አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ሰምቶኝ ኖሮ፣ «እህቴ፣ ከእኔ ውሰጂ። ችግር የለም» አለኝ። ኡጁሉ ይባላል፤ የአኙዋ ሰው ነው፤ አማርኛውን ረጋ ብሎ ነው የሚናገረው። የራሱን ኢንተርኔት ከስልኩ ከፈተልኝና የይለፍ ቃሉን ነገረኝ። የእህቴን ልጅ አንድ ፎቶ ለእናቴ ላክሁና አመስግኜ ስልኬን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ማጥፋት የሚባል ነገር ትዝም አላለኝ።

ኡጁሉ እናቱን ሊሸኝ ነው የመጣው። እናትየው ከጎኑ ተቀምጠዋል። አንደኛው ዓይናቸው ጠፍቷል፤ የቀረውም እየደከመ ስለሆነ አዲስ አበባ ቀዶ ሕክምና ሊደረግላቸው ነው።

«ዶክተሩ እንሞክራለን ነው ያለው። እርግጠኛ አይደለም» አለኝ ኡጁሉ። ስልኩን ከእጁ የማይለየው ለምን እንደሆነም ነገረኝ። ውጭ አገር የሚኖረው ወንድሙ ልጅ ወልዷል፤ ለእናትየው የመጀመሪያ የልጅ ልጅ ነው። ወንድምየው ሥራ ከመግባቱ በፊት በቪዲዮ ሊደውል ተቀጣጥረዋል። «ዓይኗ እያለ ትየው ብለን ነው። ጥቅሉንም የገዛሁት ለዚህ ነው።»

ከዚያ ደግሞ፣ «አማርኛ አትችልም። አጠገቧ ሁኚልኝ፤ ቦሌ የአክስቴ ልጅ ይቀበላታል» ብሎ የራሱንም የአክስቱን ልጅም ስልክ ቁጥር ሰጠኝ።

«እንደ እናቴ ነው የማያቸው፣ አይዞህ» አልኩት ደረቴን ነፍቼ።

ቦርሳዬ ጭኔ ላይ ነበር። የስልኬ ግለት በጨርቁ አልፎ ይሰማኛል። የጋምቤላ ፀሐይ ነው ብዬ ቦርሳውን ወደ ጥላው ገፋ አደረግሁት።

ስልኩ ጠራ። ኡጁሉ ስልኩን ወደ እናቱ ደህናው ዓይን አስጠጋ፤ እኔም አንገቴን አስግጌ አየሁ። አንድ ሰው እየሳቀ በአኙዋኛ ያወራል፤ ክንዱ ላይ ቢጫ ብርድ ልብስ ታቅፏል። እናትየው እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ሰውየው ብርድ ልብሱን ሊገልጥ እጁን ሲሰድ ምስሉ ቀጥ አለ። እጁ ብርድ ልብሱ ላይ እንዳለ ቆየና ጠፋ።

ኡጁሉ መልሶ ቢሞክር እምቢ አለው። የመጣለትን መልእክት አንብቦ ግራ ገባው። «ጥቅሉ አልቋል ይላል። ዛሬ ጠዋት እኮ ነው የገዛሁት።» ካርድ ሊፈልግ ሲነሳ በሩ ተከፈተና መንገደኞች ተጠሩ። የወንድሙም የሥራ ሰዓት ደርሷል።

እኔ ደግሞ አጽናናሁት። «ቪዲዮው ነው የበላው። ጥቅል እኮ እንዲህ ነው፣ ሳታስበው ሙልጭ ይላል። ለዚህ ነው እኔ የማልገዛው።»

«ልክ ነሽ እህቴ» አለኝ።

አውሮፕላኑ ውስጥ እናትየው ከጎኔ ተቀምጠው መዳፋቸውን ደጋግመው አሻሹ። አሳዘኑኝ። ላጫውታቸው ብዬ ስልኬን አወጣሁና የእህቴን ልጅ ፎቶዎች ከፈትኩ። ከላይ በኩል፣ ያለው ሁሉ ተልኮ መቀመጡን የሚያሳይ ምልክት አለ። ልማድ ሆኖብኝ መጀመሪያ ደስ አለኝ።

ከዚያ ገባኝ። እህቴ ቤት ዋይፋይ የለም። አውሮፕላን ማረፊያውም አልሰጠኝም። ስልኬ የኡጁሉን ኢንተርኔት ዋይፋይ ነው ብሎ፣ ልክ እንዳዘዝኩት፣ ያን ሁሉ ማዛጋትና ማስነጠስ በሰውየው ጥቅል ልኮታል። ፊቴ ጋለ። መሬት ብትውጠኝ እመርጥ ነበር፤ ያኔ ግን መሬቷም ሩቅ ነበረች።

በዚህ መሃል እናትየው ስልኩን ቀስ ብለው ከእጄ ወሰዱት። የእህቴ ልጅ እንደተጠቀለለ ተኝቷል። ዓይናቸው ሊነካው እስኪደርስ አስጠግተው አዩት። ወደ እኔ ዞረው አንድ ነገር ጠየቁኝ። ቋንቋቸውን አላውቅም። ጣታቸው ግን መጀመሪያ ሕፃኑን፣ ቀጥሎ የራሳቸውን ደረት አሳየኝ።

አይደለም ማለት ነበረብኝ። ራሴን ነቅንቄ፣ አዎ አልኳቸው።

እስክናርፍ ድረስ ስልኩን አልለቀቁትም። መብራቱ ሲጠፋባቸው ይሰጡኛል፤ አብርቼ እመልስላቸዋለሁ። እንዲህ እያልን ቦሌ ደረስን።

የኡጁሉ የአክስት ልጅ ሲቀበላቸው እውነቱን ልነግረው እችል ነበር፤ አማርኛ ይችላል። አልነገርኩትም። እናትየው ሁለቱን እጆቼን ይዘው ቶሎ አልለቀቁኝም። ለኡጁሉ ደውዬ በሰላም መድረሳችንን ስነግረው «እግዚአብሔር ያክብርሽ» አለኝ። አፌ ድረስ የመጣውን ዋጥኩት።

አሁን ጥቅል በገንዘቤ እገዛለሁ፤ ቤተሰቤ ምን ነካት እያለ ይስቃል። የኡጁሉ ቁጥር ስልኬ ላይ አለ። ቀዶ ሕክምናው እንዴት ሆነ ብዬ ልደውል ስንቴ አውጥቼው ስንቴ መልሼዋለሁ። አልተሳካም ቢለኝ፣ እኚያ ሴት የልጅ ልጄ ብለው በልባቸው ይዘው የቀሩት የእህቴን ልጅ ነው ማለት ነው። ይህን መስማት አልችልም።

የምመኘው አንድ ነገር ነው። ዓይናቸው ድኖ፣ የልጅ ልጃቸውን ፊት ጥርት አድርገው አይተው፣ «ያቺ ሴትዮ ዋሽታኛለች» እንዲሉ።