ከውዱእ በኋላ አንድ ነጥብ ብየዳ

ሙዘይን ብየዳ የተማረው ሪያድ ነው። ሐይቅ ተመልሶ የብየዳ ቤት የከፈተው ደግሞ በለውጡ ሰሞን። ሲሠራ ቆሞ ማየት ያስደስት ነበር፤ ለሁሉም ነገር ምክንያት አለውና። ከማሽኑ አካል ተነስቶ መሬት ውስጥ የተቀበረ ወፍራም የመዳብ ሽቦ ነበረው። የውስጥ ሽቦ ተልጦ የማሽኑን ብረት ቢነካ፣ ኤሌክትሪኩ ሰውን ትቶ በመዳቡ ወደ መሬት ይወርዳል። እንዴት ያለ ቀላል፣ እንዴት ያለ ድንቅ ዘዴ! ከእግሩ ሥር ደረቅ ሳንቃ ያነጥፋል፤ ማጥፊያውንም እጁ ከሚደርስበት አያርቅም።

በ2014 ጦርነቱ ከተማዋን አልፎ ሲሄድ መዳቡ ተነቅሎ ተወስዷል፤ ቆጣሪው ተሰባብሯል፤ ሳንቃውንም መብራት በጠፋባቸው ወራት ቤተሰቡ ማግዶታል። መብራት ሲመለስ ሙዘይን ከጎረቤቱ ከዋሲላ ሱቅ በገመድ ኤሌክትሪክ ሳበ። ማጥፊያው እዚያው እሷ ሱቅ ውስጥ ቀረ። መዳብ ከደሴ እስከ ውጫሌ ቢፈልግ አጣ። በሩ የተሰበረበት ሰው ደግሞ ደጁን ሞልቶታል።

አብሮት የሚሠራው የእህቱ ባል ማህዲ ነበር። አንድ ዓርብ ዋሲላ ሱቋን ቆልፋ ውጫሌ ሄዳለች። ማህዲ ለጁምዓ ሶላት ታጥቦ፣ ውዱእ አድርጎ፣ ክንዱ ውሃ እያንጠባጠበ መጣ።

«አንድ ነጥብ ብቻ ቀርታኛለች።»

«ተው ማህዲ፣ መጀመሪያ ተጠረግ።»

«የውዱእ ውሃ ይጠረጋል እንዴ? የአላህን ምንዳ፣ አጅሬን ልታስቀርብኝ! የሪያዱ ሙፍቲ!»

ደረቅ ቆዳ ኤሌክትሪክን ይታገላል፤ እርጥብ ቆዳ ግን ያሳልፈዋል። በማሽኑ ውስጥ ሽቦው መቼ እንደተላጠ ማንም አላወቀም። ማህዲ ኃይሉን ሊያስተካክል የማሽኑን የብረት እጀታ ያዘ፤ ያዘና አልለቀቀም። ኤሌክትሪክ የእጅን ጡንቻ ያኮማትራል፤ ሰው ልልቀቅ እያለ ይበልጥ ይጨብጣል። ሙዘይን ይህን ያውቃል። ቢነካው አብሮ እንደሚያዝም ያውቃል። ወደ ማጥፊያው ሮጠ፤ የዋሲላ በር ላይ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። ደረቅ እንጨት ፈለገ፤ የለም። በመጨረሻ የፕላስቲክ ወንበር አንስቶ ገመዱን ከመቀጠያው እስኪነቀል መታው።

ማህዲ ወደቀ። ሙዘይን ደረቱን መጫን ጀመረ፤ በባጃጅ ሲወስዱትም አላቋረጠም። «ተንፍስ፣ አንተ ግትር! ተንፍስ!»

ጤና ጣቢያ ነርሷ የማህዲን አንገት ዳበሰች፤ ዐይኑን ገልጣ አየች፤ ከዚያ ሰዓቷን። ሙዘይን አሁንም ይጫናል። በሁለት እጇ እጆቹን ይዛ ከማህዲ ደረት ላይ አነሳችለት።