ማኅተሙ ሳይቀደድ

ባለቤቴ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ «እጅህ ይባረክ» ይለዋል። ለልጃችን ግን የጌም ኮምፒውተር ራሴ እገጣጥማለሁ ብሎ፣ «አንድ ዕቃ ብቻ ቀረኝ» እያለ ሦስት ዓመት ከረመ። ሲመረኝ ተገጣጥሞ ያለቀውን ገዛሁላት።

በሳምንቱ ማሽኑ ጥሬ እንደሚቆረጥም ሰው ይንቀጫቀጭ ጀመር። ባለቤቴ ጆሮውን ለጠፍ አድርጎ፣ «ሽቦ ፋኑን እየነካው ነው፤ የሁለት ደቂቃ ሥራ!» አለ። ክዳኑ ላይ ግን «ማኅተሙ ከተቀደደ ዋስትና የለም» የሚል ተለጥፏል፤ የሻጩ የጥገና ወረፋ ደግሞ ሁለት ወር ነው።

ካቻቢቴውን አወጣ። ልጃችን ማኅተሙን በመዳፏ ሸፈነችው።

«አባዬ፣ በሞቴ አትንካው! ባለሙያ ይየው።»

ካቻቢቴውን ኪሱ ከቶ፣ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። እኔም ደረሰኙን ይዤ የሁለት ወሩን ወረፋ ልይዝ ወጣሁ።