የጋሽ ጀማል ፓስዎርድ

ይህን እንደነገርኳችሁ ጋሽ ጀማል እንዳይሰሙ። ኢስትሊ በሚባለው ሰፈር ጨርቅ ይሸጣሉ። «ልጄ፣ የሱቁን አሮጌ ዴስክቶፕ ዊንዶውሱን ወደ አዲሱ ቀይርልኝ» ብለው ጠሩኝ። ሳበራው ፓስዎርድ ጠየቀኝ።

«የምትሠራበት ዘይነባ ነበረች፤ እሷ ናት የምታውቀው» አሉ አቀርቅረው። ዘይነባ ባለቤታቸው ናቸው፤ ተቀይመው ሞያሌ እህታቸው ቤት ከገቡ ወራት አልፏል።

ስልካቸውን አንስተው መልሰው አስቀመጡት። ደግመው አነሱት። «ሰላም ነሽ? ለኮምፒውተሩ ነው የደወልኩት» አሉ በመጨረሻ። ፓስዎርዱ ከተነገራቸው በኋላም ወሬው አላለቀም፤ እኔም ጨርቅ የምመርጥ መስዬ ዞር አልኩ።

ሥራውን ስጨርስ፣ «ከእንግዲህ ያለ ፓስዎርድ ይከፈታል» አልኳቸው። ደስ ያላቸው አልመሰለኝም።

በማግስቱ በሱቃቸው በኩል ሳልፍ ኮምፒውተሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። እሳቸው ስልክ ላይ ናቸው።

«ዘይነብዬ፣ ያ ፓስዎርድ ደግሞ ጠፋኝ እኮ።»