ወይን ጠጅ ጣቶች

አውቶቡስ ውስጥ ከጎኑ የሚቀመጥ የለም፤ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። ጣቶቹ ደግሞ በወይን ጠጅ ቀለም ተነክረዋል። የቤተ ሙከራ ሰው ነው። ባክቴሪያዎች ተጣብቀው የሚሠሩትን፣ መድኃኒት የማይበሳውን ልጋጋም ሽፋን በነጭ ሽንኩርት ጭማቂ ያፈርሳል። ከዚያ ሽፋኑ የነበረበትን የሙከራ ሳህን በቀለም ነክሮ ያጥበዋል፤ ቀለሙ አልለቅ ካለ ሽፋኑ ተርፏል ማለት ነው። የእሱ ሳህኖች ጥርት ብለው ይወጣሉ። አለቆቹም አጨብጭበውለታል፤ ጭብጨባ እንደሆነ አያልቅባቸው!

ከሥራ ሲወጣ ሚስቱ የተኛችበት ሆስፒታል ይሄዳል። የተሰበረ ዳሌዋን የደገፈው ብረት ያንኑ ሽፋን ለብሶ ቁስሏ አመርቅዟል፤ ያልተሞከረ መድኃኒት የለም።

«አንተዬ፣ ዛሬም ሸተትክ» አለችው። «ያንን ጉድህን እኔ ላይ ለምን አታፈሰውም?»

«ሰው ላይ አልተሞከረም እኮ፣ የኔ ዓለም። ቢብስብሽስ?»

«ምነው ሳህን አድርጎ በፈጠረኝ!»

የመንገድ ዳር አዋቂ ቢሆን ኖሮ ይሄኔ በጠርሙስ ሞልቶ፣ ተአምር ነው ብሎ፣ ለመንደሩ ሁሉ በቸበቸበው ነበር። ይሄ ግን ዕውቀቱ ሞኝ ያደረገው ሰው ነው፤ ሳቀላት። ሊያቅፋት እጁን ዘረጋና ጣቶቹን አይቶ መለሰው። ተነስቶ እንደገና በሳሙና ፈተጋቸው።

ቀለሙ ንቅንቅ አላለም።