መመለሻ የሌለው የሼንዘን መመሪያ

ልጄ መጽሐፉን ይዛ የገባችው የኮሮናው ሎክዳውን ላላ ብሎ፣ ሰው ግን ገና በጭንብል ተሸፍኖ በሚወጣበት ጊዜ ነበር። መጽሐፍ የምለው በልማድ ነው እንጂ ሃያ የማይሞላ ወረቀት በሽቦ ተሰፍቶ ነው። ሽፋኑ ላይ ሐምራዊ መብራት የለበሱ ፎቆች ተደርድረዋል፤ ከበላያቸው «የሼንዘን ጎብኚ መመሪያ» ተብሎ ተጽፏል፤ ከሥር ደግሞ «የነገዋን ከተማ ዛሬ ይጎብኙ!» ይላል። ልጄ ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጠችው በሁለት እጇ ነው። የትምህርት ቤት ሰርተፍኬቷን እንኳ እንደዚያ ይዛ አታውቅም።

«ምንድን ነው?» አልኳት።

«ቻይና ነው እማዬ። የዓለም ስልክ የሚሠራበት ከተማ።»

ያን ጊዜ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። መሀል ጆሃንስበርግ አንድ ሕንፃ ውስጥ፣ ከአንድ ጠረጴዛ በማትበልጥ ቦታ ላይ ስልክ ትጠግናለች። ዱርንፎንቴን ሰፈር ቢሮ የከፈተ አንድ ያገራችን ሰው ወጣቶችን ሰብስቦ ሼንዘን ሊወስድ፣ ስድስት ወር የስልክ ጥገና አስተምሮ ሊመልስ እንደሆነ ነገረችኝ። መመሪያውን የጻፈውም እሱ ነው።

«የቻይና ድንበር ዝግ አይደለም እንዴ?»

«ሊከፈት ነው ብሏል።»

«ማን ነገረው?»

«እማዬ፣ ሰውዬው እዚያ ኖሯል እኮ!»

«ፓስፖርትሽስ የታለ?»

መጽሐፉን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች።

«እሱ ጋ ነው፤ ለቪዛ» አለች።

እኛ እዚህ አገር የምንኖረው በአሳይለም፣ ማለት በጥገኝነት ጠያቂ ወረቀት ነው። ያንን ወረቀት ይዞ ከደቡብ አፍሪካ የወጣ ሰው ተመልሶ አይገባበትም። ይህን ያወቅሁት ከመጽሐፍ አይደለም። ቤሪያ በሚባለው ሰፈራችን፣ እኛ ባለንበት ፎቅ ላይ የምትኖር አንዲት ሴት ለእናቷ ለቅሶ አገር ቤት ሄዳ እዚያው ቀረች። ሁለት ልጆቿ ያደጉት በአክስታቸው እጅ ነው፤ ድምፅዋን በስልክ ሲሰሙ ትንሹ «ማነች?» ይላል። ልጄም እነዚያን ልጆች ታውቃቸዋለች፤ ጫማቸውን ስታስርላቸው አይቻለሁ።

«ወረቀትሽስ?» ስላት፣ «እሱ ያስተካክለዋል» አለችና ስልኳን አነሳች።

ለአባቷ ደወልኩ። አባቷ ከከተማ ወጣ ብሎ ዳቬይተን ውስጥ ስፓዛ የሚሉት ትንሽ የሰፈር ሱቅ አለው፤ በዚያ ዓመት ከሱቁ ጀርባ ነበር የሚተኛው፣ ወደ እኛ የሚመጣውም አልፎ አልፎ ነው። እሷ ቀድማ የገጾቹን ፎቶ ልካለት ኖሯል።

«አየሁት፤ ታትሟል እኮ!» አለኝ።

«የቀብር ማስታወቂያም ይታተማል።»

«አንቺ ደግሞ! እኔና አንቺ መመሪያ ይዘን ነው እንዴ የመጣነው?»

ይዘን ነው የመጣነው። እሱ ረስቶት ነው እንጂ፣ ደላላው አዲስ አበባ አንድ ሻይ ቤት አስቀምጦ መንገዱን በቃላችን አስጠንቶን ነበር። «ከሞያሌ በኋላ መኪና ነው። መኪና፣ ከዚያ መኪና፣ ከዚያ ትንሽ የእግር መንገድ።» ያችን ትንሽ የእግር መንገድ ጫካ ለጫካ የሄድኩት ልጄን በጀርባዬ አዝዬ ነው፤ ሦስት ዓመት አልሞላትም ነበር። ጫካው ሲያልቅ እግሬ ጫማ ውስጥ አልገባ አለ። ጆሃንስበርግም ስንደርስ ደላላው የነገረን ከተማ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ማንም ሰው «ትንሽ» ሲለኝ አላምንም።

ስለዚህ መጽሐፉን አነበብኩት። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። አንዱን መስመር ሁለቴ ነው የማነበው፤ ያልገባኝን ደግሞ ሦስቴ። ልጄ አንድ ገጽ በዓይኗ ጠረግ አድርጋ ታልፋለች። እኔ የዘለልኩት ቃል ውስጥ ክፉ ነገር የተቀመጠ ስለሚመስለኝ አልዘልም። ከምሳ በኋላ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ፣ በየቀኑ ሦስት አራት ገጽ እያልኩ ሄድኩበት።

«በሼንዘን ጥሬ ገንዘብ የሚይዝ የለም፤ ለማኙ እንኳ ምጽዋት የሚቀበለው በስልኩ ነው» ይላል። ለማኝ አለ ማለት ነዋ! የነገዋ ከተማ ሁሉን ነገር ስትቀይር ለማኙን አልቀየረችም፤ ስልክ ሰጥታ እዚያው መንገድ ዳር አስቀምጣዋለች።

«በየመንገዱ ያለው ካሜራ የእያንዳንዱን ሰው ፊት ስለሚያውቅ ሌባ የለም» ይላል። የእኛ ሕንፃም ካሜራ ነበረው። ሊፍቱ ውስጥ መጀመሪያ የተሰረቀው እሱ ነው።

«ታክሲው ያለ ሹፌር ይሄዳል፤ እርስዎ ዘና ብለው ከተማውን ይመለከታሉ» ይላል። እዚህ ታክሲ ሹፌር እያለውም የምንሳፈረው አማትበን ነው። ይህን ጮክ ብዬ ሳነበው ልጄ ሳቀች።

«አሁን አንቺን እዚያ ቢወስዱሽ እኮ ታክሲውን ‹ቀስ በል› ትይዋለሽ» አለችኝ።

«እላለሁ። ማን ይሰማኛል? ችግሩ እሱ ነው።»

ከሁሉ ያናደደኝ ግን ስለ ከተማዋ ታሪክ የተጻፈው ነው። ሼንዘን ድሮ የዓሣ አጥማጆች መንደር ነበረች፤ ዛሬ ግን ፎቆቿ ደመና ይነካሉ ይላል፤ ይላልና ያልፋል። ዓሣ አጥማጆቹ የት ሄዱ? ገልብጬ ፈለግሁ፤ የሉም። ሰው መረቡን እንዳንጠለጠለ ፎቅ ተሠራበት እንጂ! እንዲህ ያለ ነገር የሚጽፍ ሰው የእኔንም ልጅ በአንድ መስመር ያልፋታል ብዬ አሰብኩ።

መጽሐፉ ውስጥ አንድም ጭንብል ያደረገ ሰው የለም። ዓለም ሁሉ አፉን ሸፍኖ በሚኖርበት ዓመት፣ የሱ ሰዎች ጥርሳቸውን ገልጠው ይስቃሉ። ስለ በሽታው አንዲት ቃል አልጻፈም። እንዴት እንደሚገባ፣ የት እንደሚበላ፣ የትኛው ፎቅ ላይ ፎቶ ቢነሱ እንደሚያምር ሁሉ አለ። እንዴት እንደሚመለሱ ግን የትም የለም። መጨረሻው ገጽ «ማስታወሻ» የሚል ባዶ መስመር ብቻ ነው።

ይህን ለልጄ ነገርኳት። «መመለስማ በመጡበት ነው፤ ምን ይጻፋል?» አለችኝ። ከዚያ በላይ አልሰማችኝም። ለእኔ የፍርሃቴ ምክንያት ግልጽ ነው፤ ለእሷ ግን እኔ ሁልጊዜ የምፈራ ሰው ነኝ። እሳት እፈራለሁ፣ ሊፍት እፈራለሁ፣ ያልፈላ ውሃ እፈራለሁ። ሰው ብዙ ነገር ሲፈራ እውነተኛውን ፍርሃት የሚለይለት የለም።

የእሳቱ ፍርሃት ግን ጠቀመኝ።

በዚያ ሳምንት ቅዳሜ ሎድ ሼዲንግ የሚሉት የመብራት ፈረቃ ነበር፤ መብራቱ እንደ ልማዱ ሁለት ሰዓት ሄዶ ተመለሰ። መብራት ሲመጣ እኔ ቤቱን እዞራለሁ። ኃይሉ ሲመለስ ዕቃ ያቃጥላል፤ አንድ ጎረቤታችን ማቀዝቀዣዋ ጨሶባታል። እያንዳንዱን ሶኬት አያለሁ፣ የማያስፈልገውን እነቅላለሁ። ልጄ «የሶኬት ዘበኛ» ነው የምትለኝ። የዚያን ቀንም ዞሬ ነቅዬ ተመለስኩና መጽሐፉን ካቆምኩበት ገለጥኩት።

ገጹ ጎብኚው ስለሚይዘው ዕቃ የሚናገር ነው። «አዳፕተር እንዳይረሱ፤ የቻይና ሶኬት ቀዳዳው ጠፍጣፋ ስለሆነ የደቡብ አፍሪካ ቻርጀር አይገባበትም» ይላል። ጥሩ፤ ይህችስ እውነት ትሁን አልኩ። ከጎኑ ባለው ገጽ ላይ ትልቅ ፎቶ አለ፤ ከሥሩ «በሼንዘን የሚገኘው የዓለማችን ትልቁ የስልክ ዕቃ ገበያ» ተብሎ ተጽፏል። ግራና ቀኝ ሱቅ ያለው ረጅም ኮሪደር ነው፤ የስልክ ሽፋን እንደ መጋረጃ ተንጠልጥሏል። ዓይኔ አሁንም ሶኬት ከማየት አልወጣም ነበርና በፎቶው ጥግ፣ ከግድግዳው ሥር አንድ ሶኬት አየሁ።

ሦስት ክብ ቀዳዳ። አንዱ ትልቅ ከላይ፣ ሁለቱ ከሥር። የእኛው፣ ያን ደቂቃ ከነቀልኩት ጋር አንድ የሆነ።

ሁለቴ አየሁ። ተነስቼ ግድግዳችን ጋ ሄድኩና መጽሐፉን ከሶኬቱ አጠገብ ይዤ አየሁ። ከዚያ ልጄን ጠራኋት።

«እንግዲህ ልትጀምሪ ነው?» እያለች መጣች።

«ምንም አልልም። ይህን አንብቢ።» ስለ አዳፕተሩ የተጻፈውን አነበበች። «አሁን ይህን እዪ።» ጣቴን ፎቶው ጥግ ላይ አደረግሁ።

አየች። መጽሐፉን ከእጄ ወሰደችና ወደ መስኮቱ አስጠጋችው። ፊቷ ቀስ እያለ ተለወጠ።

«ይሄ ኮሪደር...» አለች። «እማዬ፣ ይሄ እኮ እኔ ስክሪን የምገዛበት ሞል ነው። እዚሁ ጆሃንስበርግ! ይቺ ጥግ ያለችው ሱቅ... በየሳምንቱ ነው የምሄደው።»

«በየሳምንቱ ቻይና ደርሰሽ ትመለሻለሻ! ለእናትሽ ሳትነግሪ።»

አልሳቀችም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። በየሳምንቱ የምትረግጠውን ወለል ሐምራዊ ሽፋን ስላለበሱት ብቻ ሳታውቀው መቅረቷ ነው ያቃጠላት። እኔም ልተዋት ብዬ ነበር፤ አፌ አልቻለም።

«ኖሬበታለሁ ያለሽ ሰው የከተማውን አንድ ግድግዳ ፎቶ አጥቶ ነው? ኖሮ ነው ወይስ ሞል ደርሶ መጥቶ?»

«በቃ እማዬ።»

«ፓስፖርትሽን ሳናመጣ በቃ የለም።»

ሰኞ ጠዋት ዱርንፎንቴን ሄድን። በሩ ላይ ያለው ጥበቃ በዙሉ «ሳውቦና ማማ» ብሎ ሰላም አለንና እጃችን ላይ ሳኒታይዘር ረጨ፣ የግንባራችንንም ሙቀት ለካ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቢሮው በር ላይ ከአምስት ሰው በላይ መግባት ክልክል ነው የሚል ተለጥፏል። ውስጥ ጎረምሶች ተጠጋግተው ተቀምጠዋል፤ ከእኛ ጋር ስምንት ሆንን። ሰውዬው ሠላሳ ዓመት ቢያልፈው ትንሽ ነው፤ ጭንብሉን አገጩ ላይ አውርዶ በሁለት ስልክ ያወራል።

«ኦ ማዘር! እንኳን ደህና መጡ፤ ልጅዎ ጎበዝ ናት» አለኝ።

«ጎበዝነቷን አውቃለሁ። ፓስፖርቷን ልወስድ ነው የመጣሁት።»

«ፓስፖርቷማ ለቪዛ ገብቷል።»

ልጄ መጽሐፉን ገልጣ ፎቶውን አሳየችው። «ይሄ ሼንዘን ነው?»

«እንግዲህ... ለምሳሌ ያህል የገባ ነው።»

«የምን ምሳሌ? ይሄ እኔ ስክሪን የምገዛበት ሞል ነው!»

ከጎረምሶቹ አንዱ አንገቱን አስግጎ ፎቶውን አየና፣ «እንዴ! እውነቷን ነው» አለ።

«አንተ ልጄ» አልኩት ሰውዬውን፣ «ይህች ልጅ በአሳይለም ወረቀት ነው ያለችው። ስድስት ወር ስትጨርስ በምንድን ነው የምትመለሰው?»

«ማዘር፣ እሱን እዚያ ስትደርስ እናስተካክላለን።»

ትንሽ የእግር መንገድ። ድምፁ ሁሉ ያንን ደላላ መሰለኝ።

«ፓስፖርቱን ስጠን።»

«ነገርኩዎት እኮ፣ ገብቷል። በሁለት ሳምንት...»

ያን ዓመት በሙሉ ሳል ስፈራ ነው የኖርኩት። ደረጃ ላይ ሰው ሲያስል ትንፋሼን ይዤ እሮጥ ነበር። ያን ጠዋት ግን ጠረጴዛው ላይ ሁለት እጄን አስደግፌ፣ ጎንበስ ብዬ፣ ከሆዴ አሳልኩ። አንዴ፣ ደግሞ ሌላ። ጎረምሶቹ ወንበራቸውን እየጎተቱ ግድግዳ ላይ ተለጠፉ። ሰውዬው ጭንብሉን ወደ አፍንጫው መለሰ። ሦስተኛውን ሳል ስጀምር መሳቢያውን ከፈተ።

ለቪዛ ገባ የተባለው ፓስፖርት መሳቢያው ውስጥ ነበር። በላስቲክ ከታሰሩ ሌሎች ፓስፖርቶች መሀል መዞ በሁለት ጣቱ ወረወረልን። አንስቼ ጎረምሶቹን አየኋቸው። «የእናንተም እዚያው ነው» አልኳቸው። ስንወጣ ሁለቱ ተነስተው ነበር።

ደረጃው ላይ ልጄ በሳቅ ፈረሰች። «የእውነት ያመመሽ መስሎኝ ደነገጥኩ!» አለች። እኔም ሳቅሁ።

ቤት ስንደርስ ፓስፖርቱን በፌስታል ጠቅልዬ ልብሴ ሥር፣ የእኔው መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት። ቁልፉን አንገቴ ላይ አሰርኩ። ለሦስት ቀን ደስ ብሎኝ ኖርኩ። በአራተኛው ቀን ልጄ ከሥራ ገብታ ፊቴ ቆመች።

«ፓስፖርቴን ስጪኝ።»

«ምን ሊሠራልሽ?»

«ምንም። የኔ ስለሆነ።»

«እኔ ጋ አይጠፋም።»

«እሱም እንደዚያ ነበር ያለኝ» አለችኝ። «ከመሳቢያ ወጥቶ መሳቢያ ገባ እኮ፣ እማዬ።»

በዚሁ ነገር ሰውዬውን ሳምንት ሙሉ ስሰድበው ነበር። ቁልፉን ከአንገቴ ፈታሁ። ፓስፖርቱን ስሰጣት እጄ ቶሎ አልለቀቀውም፤ እሷም አልጎተተችም፤ እስክለቅ ጠበቀችኝ። ቦርሳዋ ውስጥ ከከተተችው በኋላ ያንን መጽሐፍ ከጠረጴዛው አነሳች።

«አንድ ቀን ግን እሄዳለሁ» አለች። «የምመለስበት ወረቀት ሲኖረኝ።»

«የመመለሻውን ገጽ አስቀድመሽ ታነቢልኛለሽ። ሁለቴ።»

«ሁለቴ። ፎቶዎቹንስ?»

«ፎቶዎቹን እኔ አያለሁ» አልኳትና፣ የስልኳን ቻርጀር ከግድግዳው ልነቅል ተነሳሁ።